ዳኮታን ሁለት ሲኒ ላይ ማቆም፦ የሞዴል አውሮፕላን አሠራር

ጅማ ውስጥ መኪና ቀለም ስቀባ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ቀን ኮፋኖና ፓራፋንጎ ላይ እውላለሁ። ማታ ደግሞ ከክንዴ የማይበልጥ አውሮፕላን ላይ አመሻለሁ። ሁለቱን ምን አገናኛቸው የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ለእኔ ሥራው አንድ ነው፤ ስቱኮ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ፕራይመር፣ ቀለም። ሙያውን ያስተማረኝ ሰውዬ «ቀለም አይሸፍንም፣ ያሳብቃል» ይል ነበር። መኪና ላይ ይህ ነገር እስኪገባኝ ዓመታት ፈጅቷል። ሞዴል ላይ ግን በመጀመሪያው ሳምንት ገባኝ።

ይህን የምጽፈው መጀመር ለሚፈልግ ሰው ነው፤ በተለይ እንደ እኔ መኪና ለሚወድ፣ እጁ ሥራ ለለመደ።

የምነግራችሁ ሞዴል አይበርም። ሞተርም ሪሞትም የለውም። በካርቶን ተበታትኖ የሚመጣ የፕላስቲክ አውሮፕላን ነው። ክፍሎቹ ፍሬም ላይ ተያይዘው፣ ቁጥር ተሰጥቷቸው ይመጣሉ። መቁረጡ፣ ማጣበቁ፣ መቀባቱ የእናንተ ነው። ኤርፊክስ፣ ሬቬል፣ ኢታሌሪና ታሚያ በዚህ ሥራ የታወቁ ስሞች ናቸው። ጅማ መርካቶ ብትዞሩ አታገኙትም። የእኔን ውጭ የምትኖር የአክስቴ ልጅ ናት ሻንጣዋ ውስጥ የምታመጣልኝ። ቦታ እንዳይዝባት ካርቶኑን አጣጥፋ፣ ፍሬሞቹን በልብስ መሃል ታደርጋቸዋለች። አንድ ነገር ግን አደራ፦ የሞዴል ሙጫ ተቀጣጣይ ስለሆነ በአውሮፕላን እንዲያመጡላችሁ አትጠይቁ። ሙጫውን እዚሁ እንሠራዋለን፤ እመጣበታለሁ።

ካርቶኑ ላይ 1:72 ወይም 1:144 የሚል ቁጥር ታያላችሁ። 1:72 ማለት እውነተኛው አውሮፕላን 72 ጊዜ አንሷል ማለት ነው። ለመኪና ሞዴል የተለመደው 1:24 ነው። ካርቶን ከማዘዛችሁ በፊት አካፍሉ። ዳኮታ፣ በኋላ የምንሠራው የድሮ አውሮፕላን፣ ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 29 ሜትር ገደማ ነው። በ1:72 ሲሠራ 40 ሳንቲሜትር ይሆናል። በ1:144 ደግሞ 20። የመጀመሪያውን 1:72 ይዤ ስመጣ የሚቀመጥበት መደርደሪያ ቤት ውስጥ አልነበረም።

ለመጀመሪያ ትንሽ ተዋጊ አውሮፕላን ውሰዱ። ኤፍ-5 ጥሩ ነው። የእኛም አየር ኃይል ያበረረው ስለሆነ ፎቶው አይጠፋም፤ በ1:72 ክንፉ 11 ሳንቲሜትር ብቻ ነው። እሱ መማሪያችሁ ነው፤ ቢበላሽም አይቆጭም። ከዚያ በኋላ ዳኮታን ሥሩ።

ለምን ዳኮታ? የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሥራ የጀመረው በአምስት ሲ-47 አውሮፕላኖች ነው። እነዚህ ናቸው ዳኮታ የሚባሉት። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያው በረራ በአስመራ በኩል ካይሮ ሄደ። ብዙም ሳይቆይ የአገር ውስጥ በረራ ተጀመረ፤ ወደ ጅማ። ለጅማ ሰው ከዚህ የሚቀርብ አውሮፕላን የለም። የእኔን ጨርሼ ለጎረቤታችን ለሐጂ አሳየኋቸው። በወጣትነታቸው አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ጭነት ይጭኑ ነበር። በሁለት እጃቸው ተቀብለው አዟዟሯትና በግራ በኩል ከኋላ ያለውን ትልቁን በር ፈለጉ። «ይቺው ናት» አሉ። «ጭራዋ መሬት ነው የሚቀመጠው። ጆንያ ተሸክመህ ስትገባ ውስጧ ዳገት ነበር።» እኔ ጭራዋ ዝቅ ማለቱን በዓይኔ ነበር የማውቀው። በትከሻ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።

ወደ ሥራው እንግባ። ዕቃው ቀላል ነው። ስለታም ካተር ወይም ምላጭ፣ የጥፍር መቁረጫ፣ እሾህ የምናወጣበት ወረንጦ፣ የልብስ መቆንጠጫ፣ ላስቲክ፣ ማስኪንግ ቴፕ፣ ሁለት ቀጫጭን ብሩሽ። ብርጭቆ ወረቀት ከ400 እስከ 2000 ቁጥር ያስፈልጋል። መኪና ቀለም ከሚሸጥበት ሱቅ የውሃውን ዓይነት ግዙ።

መጀመሪያ ፍሬሞቹን በለብታ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና እጠቡ። ፋብሪካ ውስጥ ከቅርጹ እንዲላቀቅ የሚቀባው ዘይት አብሮ ይመጣል። ያ ዘይት ካለ ቀለም አይዝም። መኪናን ሳይታጠብ የሚቀባ የለም፤ ይሄም ያው ነው። ከዚያ አንዱን ክፍል በጥፍር መቁረጫው ቁረጡ። በእጅ ጠምዝዞ ማውጣት ክፍሉን ገምሶ ይወስደዋል። ከክፍሉ ትንሽ ራቅ ብላችሁ ቁረጡና የቀረችውን ጉብታ በምላጭ ግፈፏት፤ በመጨረሻም ሞርዷት። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ቆርጣችሁ አትዘርግፉ። ቁጥሩ ፍሬሙ ላይ ነው ያለው፤ ከተቆረጠ በኋላ የትኛው የትኛው እንደሆነ አይታወቅም።

አሁን ሙጫ። እዚህ ላይ የመጀመሪያውን ጥፋቴን ልንገራችሁ። ኤፍ-5ቱን ስጨርስ ጋራዥ ውስጥ ባለው ናይትሮ ቀለም፣ በናይትሮ ቲነር አቅጥኜ፣ እንደ መኪና አድርጌ ረጨሁት። ሲረጭ ያምር ነበር። ሻይ ጠጥቼ ስመለስ ክንፉ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቋል። በቄንጥ የተቀረጹት መስመሮች ቀልጠው ጠፍተዋል። ቲነሩ ፕላስቲኩን በልቶታል። በጣም አዘንኩ። ግን ነገሩን ቁጭ ብዬ ሳስበው፣ ፕላስቲኩን የሚያቀልጥ ነገር ፕላስቲክን ከፕላስቲክ ማጣበቅም ይችላል ማለት ነው። የሞዴል ሙጫም የሚሠራው እንደዚሁ ነው። አይለጥፍም፤ ሁለቱን ጠርዝ አቅልጦ ያዋህዳቸዋል።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ሁለቱን ክፍሎች ያለ ሙጫ ገጥማችሁ በላስቲክ እሰሩ። ቀጭን ብሩሽ ቲነር ውስጥ ነክራችሁ ጫፉን ብቻ መገጣጠሚያው ላይ አስነኩት። ፈሳሹ ራሱ በስንጥቁ ውስጥ ሲሮጥ ታዩታላችሁ። አንድ ጠብታ ጣት የሚያህል መስመር ይሄዳል። ጣታችሁ መገጣጠሚያው ላይ ካለ ቲነሩ ከሥሩ ይገባና አሻራችሁን ፕላስቲኩ ላይ ያትመዋል። ከመገጣጠሚያው ራቅ አድርጋችሁ ያዙ። መስኮት ክፈቱ፤ ጋራዥ የምናደርገውን የቀለም ማስክ አድርጉ። ልጆች ባሉበት ክፍል አይሆንም፤ ሻማም ከአጠገቡ አይኑር።

ሁለተኛውም ሙጫ ከዚሁ ይወጣል። የተረፈውን ፍሬም ቆራርጣችሁ ትንሽ የብርጭቆ ብልቃጥ ውስጥ ጨምሩ፤ ቲነር አፍስሱበትና ክደኑት። ሲያድር እንደ ማር ይወፍራል። ይሄ የሞዴሉ ስቱኮ ነው። ስንጥቅ ይሞላል፤ ሲደርቅም ራሱ ፕላስቲክ ስለሆነ ከአውሮፕላኑ እኩል ይሞረዳል። ቢያንስ ሦስት ቀን ስጡት። ቶሎ ካሻችሁት በኋላ ይሟሽሻል። ማጠንከሪያ የሚደባለቅበት የመኪና ስቱኮም ይሆናል፤ ቶሎ ይደርቃል፣ አይሟሽሽም። መስኮትና ሌላ እንደ መስታወት የሚያሳይ ክፍል ላይ ግን ሁለቱንም አታስጠጉ። ለእሱ የአናጢዎቹ ነጭ ኮላ ነው የሚሻለው። ሱፐር ግሉ ደግሞ መስታወቱን በጭጋግ ያለብሰዋል።

የአብራሪዎቹን ክፍል ቀለም ሁለቱ የአካል ግማሾች ከመገጠማቸው በፊት ጨርሱ። ከተዘጋ በኋላ ብሩሽ አይገባም። ብዙ አትድከሙበት፤ በዳኮታ ትንንሽ መስኮቶች የሚታየው ጥቂት ነው።

ክንፍ ላይ ግን ድከሙ። የዳኮታ ክንፍ መሃሉ ጠፍጣፋ ነው፤ ከሞተሮቹ ወዲያ ያለው ወደ ላይ ቀና ይላል። ግራና ቀኙ እኩል ካልቀና አውሮፕላኑ የቆሰለ ወፍ ይመስላል። እኔ ከባለቤቴ ረከቦት ሁለት ሲኒ እወስዳለሁ፤ ከአንድ ደርዘን፣ አንድ ቁመት ያላቸው። ክንፉን አጣብቄ፣ አካሉን ጠረጴዛው መሃል አስቀምጬ፣ ከእያንዳንዱ የክንፍ ጫፍ ሥር አንዳንድ ሲኒ ደፍቼ አስገባለሁ። መሃሉን በማስቲካ ወረቀት፣ በክብሪት ቀፎ፣ በተገኘው ከፍ ዝቅ እያደረግኩ አስተካክላለሁ። ከዚያ በርከክ ብዬ ከፊት ለፊት በአንድ ዓይን አያለሁ፤ የተጋጨ መኪና ቦዲ ሲቃና እንደምናየው። አንዴ ከተስተካከለ እስከ ጠዋት አይነካም። በዚያን ዕለት ማታ ቡና በብርጭቆ እንጠጣለን።

አሁን ዋናው ጋ ደረስን። አካሉ ከሁለት ግማሽ ስለሚሠራ ጀርባውና ሆዱ ላይ መስመር ይቀራል። እውነተኛው አውሮፕላን ላይ ያ መስመር የለም። ጋራዥ ውስጥ ሰርጎዳ የምንፈልገው በመዳፍ ነው፤ ዓይን ይሸወዳል፣ መዳፍ አይሸወድም። ሞዴል ላይ መዳፍ ትልቅ ስለሆነ በጥፍር ነው። ጥፍራችሁን በመስመሩ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ ብላችሁ አሻግሩት። ቅንጣት ታህል ከያዘው፣ ቀለም ሲቀባ ያ ቦታ ይጮሃል። ያን ከብልቃጡ ሙሉት።

አሞራረዱ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ወረቀቱን ጣቱ ላይ አድርጎ ወደፊት ወደኋላ ይፈትገዋል። ክቡ ጀርባ ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀራል። ሊስትሮ ጫማ ሲያበራ ጨርቁን እንዴት እንደሚጎትት አይታችኋል? በሁለት እጁ ይዞ፣ በጫማው አፍንጫ ላይ ጠምጥሞ፣ ግራ ቀኝ። ልክ እንደዚያ ነው። የሁለት ጣት ስፋት ያለው ብርጭቆ ወረቀት ቁረጡ፤ ውሃ አስነክታችሁ በጀርባው ላይ እንደ ሊስትሮ ጎትቱት። በ400 ጀምሩ፤ በ800 ቀጥሉ፤ በ1000 ጨርሱ። መንገድ ላይ የቆርቆሮዎቹ መጋጠሚያ መስመር ከጠፋ፣ ጠንከር ያለ ቴፕ እንደ ማስመሪያ ለጥፋችሁ በመርፌ ጫፍ መልሳችሁ ስመሩት። ቀስ ብላችሁ፣ ሦስት አራት ጊዜ። አንዴ በኃይል ከተጫናችሁ መርፌው ያመልጣል።

ከዚያ ግራጫ ፕራይመር። ለፕላስቲክ የሚሆነውን፣ ስስ አድርጋችሁ ርጩ። ግራጫ ምሕረት የለውም፤ ያላያችሁትን ሁሉ ያወጣል። እኔ ዳኮታዬን ሦስት ጊዜ ፕራይመር ቀብቼ ሦስት ጊዜ ተመልሼ ሞርጄያለሁ። ሦስተኛው ላይ የእህቴ ልጅ «አሁንስ ምን ቀረህ?» አለኝ። ጥፍሩን ይዤ በሆዷ በኩል አሻገርኩለት። ዝም አለ። አሁን እሱ ነው ለእኔ የሚፈትሽልኝ።

ለመርጨት በጣሳ የሚመጣ አክሪሊክ ይበቃል። ኤርብራሽ (በአየር ግፊት ቀለም የሚረጭ ትንሽ መሣሪያ) ያለው ሰው ደግሞ ኮምፕሬሰር ከሌለው ስኮርታ ጎማ ይጠቀም። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። የአንድ አሮጌ ዲኤክስ ስኮርታ አለኝ። ጎሚስታው ጋ 35 ፒኤስአይ አስነፋዋለሁ፤ ቱቦውን ከቫልቩ ጋር በማገናኛ አስሬ፣ በመቆጣጠሪያ ወደ 20 አወርደዋለሁ። አንድ ዙር ክንፍና አካል ያደርሳል። ድምፅ የለውም፤ መብራት ቢጠፋም አይቆምም።

ስለ ጅማ አየር ልናገር። ክረምት ላይ ናይትሮም ሆነ ሌላ ቶሎ የሚደርቅ ቀለም ነጭ ዳመና ይለብሳል። ቲነሩ ሲተን ገጹን ስለሚያቀዘቅዘው በአየር ያለው እርጥበት ጤዛ ሆኖ ቀለሙ ላይ ይቀመጣል። የከተማችን ቀለም ቀቢ ሁሉ ያውቀዋል። ሞዴል ላይ ያ ዳመና ከመጣ አብሶ ማስለቀቅ ከባድ ነው። ከቀኑ 5 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ባለው፣ ፀሐይ በወጣበት ቀን ብቻ ርጩ። ሰማዩ ከጠቆረ ተዉት፤ ነገም ቀን ነው።

ዳኮታ ብረቱ ሳይቀባ እንዲታይ ከፈለጋችሁ ከሲልቨሩ በፊት የሚያበራ ጥቁር ቀቡ። ግራጫ ላይ ሲልቨር አመድ ይመስላል። ጥቁር ላይ ግን ብረት ይሆናል። ሲልቨሩ በጣም ስስ ይሁን፤ ጥቁሩ ከሥር ይተንፍስ። የመኪና ሜታሊክ አትጠቀሙ። ቅንጣቱ ለመኪና ነው የተለካው፤ በ1:72 ላይ እያንዳንዷ ቅንጣት ሳህን ታክላለች።

ጭራው ላይ ያሉትን ቀለማት በቴፕ ከልላችሁ ስትቀቡ ከሥር ነጭ አድርጉ። ቢጫ ይቅደም፤ ቀይ ይከተል፤ አረንጓዴ መጨረሻ። ቢጫ ደካማ ነው፤ ሌላ ቀለም ላይ አይነሳም። ቴፑን መጀመሪያ ሱሪያችሁ ላይ ለጥፋችሁ አንሱት፤ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ የታችኛውን ቀለም አይነቅልም። በካርቶኑ የሚመጣው ምልክት አብዛኛውን ጊዜ የውጭ ጦር ምልክት ነው። ስለዚህ የአንድ አውሮፕላን፣ የአንድ ዓመት ፎቶ ያዙና እሱን ብቻ ተከተሉ። ከሦስት ፎቶ ቀላቅላችሁ ብትሠሩ የትም ያልነበረ አውሮፕላን ይወጣል።

ዲካል ማለት ውሃ ውስጥ ተነክሮ የሚለጠፈው ስስ ጽሑፍና ምልክት ነው። ከመለጠፉ በፊት አውሮፕላኑ የሚያበራ ቫርኒሽ ይቀባ። ሸካራ ገጽ ላይ ከሥሩ አየር ይቀራል፤ ዲካሉ ሲደርቅ ያ አየር ነጭ ሆኖ ይታያል። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ሃያ ሰከንድ ይቆይ፤ አውጥታችሁ አንድ ደቂቃ ጠብቁ፤ በእርጥብ ብሩሽ አንሸራታችሁ ቦታው ላይ አድርሱት። ጎርባጣ ቦታ ላይ ከገተረ በብሩሽ ጫፍ ትንሽ አቼቶ አስነኩት፤ ይለሰልስና ይቀመጣል። የቆየ ካርቶን ውስጥ ያለ ዲካል ቢጫ ከሆነ፣ ወረቀቱን ከውስጥ በኩል የመስኮት መስታወት ላይ ለጥፋችሁ ለፀሐይ ስጡት። በቀናት ውስጥ ይነጣል።

አንቴና የሚሆን ቀጭን ሽቦ አትፈልጉ። ከፍሬሙ የእርሳስ ርዝመት ያለው ቁራጭ ውሰዱ። ሁለት ጫፉን ይዛችሁ ከሻማ ነበልባል ከፍ አድርጋችሁ እያሽከረከራችሁ አሙቁት። መሃሉ ማብራት ይጀምራል፤ ከዚያ ይለሰልሳል። ያኔ ከእሳቱ አውጥታችሁ በዝግታ ጎትቱት። በመሃል ከፀጉር የቀጠነ ክር ይወጣል። አምስት ሰከንድ ወጥራችሁ ያዙት፤ ቀጥ ብሎ ይደርቃል። ስንት ዓመት ሠርቼ ዛሬም ይህን ሳደርግ ትንፋሼን እይዛለሁ።

ያገለገለ እንዲመስል የምታደርጉበትን ቆሻሻ አታብዙበት። ከሞተሮቹ ጀርባ የጭስ መንገድ ለማሳየት ደቆ የተነፋ ከሰል በደረቅ ብሩሽ። ጎማዎቹ ላይ የጅማ ቀይ አፈር። እኔ ከጅሬን መንገድ ዳር ጭብጥ አፈር አምጥቼ በነጠላ ጨርቅ ነፍቼዋለሁ፤ በውሃ የቀጠነ ነጭ ኮላ ጠብታ ይይዘዋል። ጎማውንም ከሥር በትንሹ ሞርዱት። እውነተኛ ጎማ ክብደት ሲጫነው መሬቱ ላይ ጠፍጠፍ ይላል፤ በመኪና ሞዴልም ያው ነው።

ዳኮታ በጭራዋ ስለምትቀመጥ ሚዛን አያሳስባትም። ድሪምላይነርን የመሰለ፣ አፍንጫው ሥር ጎማ ያለው ከሆነ ግን አካሉ ከመዘጋቱ በፊት አፍንጫው ውስጥ ክብደት ይግባ፤ አለበለዚያ በጭራው ቁጢጥ ይላል። ጎሚስታ ጋ ከቸርኬ የሚወልቀው የባላንስ እርሳስ ለዚህ የተሠራ ይመስላል። እጃችሁን በደንብ ታጠቡ፤ እርሳስ መርዝ ነው።

ያለቀችው ዳኮታ ሳሎን ናት፤ ቡና ከሚቆላበትና እጣን ከሚጨስበት ጥግ ራቅ ብላ። ጠረጴዛዬ ላይ አሁን የታሚያ 1:24 ቮልስ አለች፤ 17 ሳንቲሜትር። መኪና ስለሆነች በመጨረሻ 2000 ቁጥር በውሃ ይሞረዳል፤ በጋራዡ ኮምፓውንድ ይወለወላል። ቦዲዋ ፕራይመር ለብሳ በሽቦ ተንጠልጥላለች። የእህቴ ልጅ ትናንት ጥፍሩን በጣሪያዋ ላይ አሻግሮ የግራው ማዕዘን ጋ ቆመ። አንድ ዙር ቀርቷታል። እስከዚያው ዝናቡም ያባራል።